የጠፋች ድመት አደራ ናት

የጎንደር ክረምት ሲበረታ ቤቷ የጠፋባት ድመት ከደጃችን መጥታ ትጠለላለች። ባለቤት የላትም ብለን የራሳችን ለማድረግ ግን አንቸኩል። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ድመት የጎተራ ጠባቂ ናትና፤ እርስዋን ያጣ ቤት እህሉን አይጥ ይበላዋል። ኦሪት ዘዳግምም በምዕራፍ 22 የወንድማችን በሬ ወይም በግ ቢጠፋ፣ ባለቤቱ እስኪፈልገው በቤታችን ጠብቀን እንድንመልስ ያዝዛል፤ ለጠፋው ነገር ሁሉ ሥርዓቱ ይኸው ነው።

አስቀድመን የልጆቻችንን ደኅንነት እናስብ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋልና። ስለዚህ እንግዳይቱን ለብቻዋ አኑረን ውሃና የተቀቀለ ሥጋ እንስጣት፤ የላም ወተት የብዙ ድመቶችን ሆድ ያውካል። ጾም ቢሆንም ጾሙ የእኛ እንጂ የእርስዋ አይደለም። ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥበን ዕለቱን ወደ ሐኪም እንሂድ፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላልና።

ከዚያም ለጎረቤትና ለዕድር፣ በቅዳሜ ገበያም እናስነግር። ስንናገር አንዱን ምልክቷን ሰውረን እንያዝ፤ እውነተኛው ባለቤት ሳይነገረው ያውቀዋል። ፈላጊ ከታጣ ግን ያን ጊዜ ቤታችን ቤቷ ይሁን።