መድኃኒት የተላመደውን ወባ በአቶም ርቀት ማንበብ

በ2024 ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ አጎበር፣ ስለ ፀረ ትንኝ ርጭትና ስለ መድኃኒት አቅርቦት ብዙ ተብሏል፤ መባልም አለበት። ብዙ የማይወራለት ግን ተህዋሲው ራሱ እየተለወጠ መምጣቱ ነው።

የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎችና የውጭ አጋሮቻቸው ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ ክልሎች የተሰበሰቡ የደም ናሙናዎችን መርምረው ውጤቱን በ2023 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ በተባለው መጽሔት አሳትመዋል። ከተመረመሩት ፋልሲፓረም የተባሉ የወባ ተህዋሲዎች 8 በመቶ ያህሉ ኬልች 13 በሚባለው ፕሮቲናቸው 622ኛ ቦታ ላይ ተለውጠዋል። አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ወጥቶ በምትኩ አይሶሉሲን ገብቷል። ይህ ለውጥ አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ከመላመድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ኮአርተም የተባለው መድኃኒት አንዱ ግማሽ ደግሞ የዚሁ የአርቴሚሲኒን ዘር ነው። በኤርትራ የተደረገ ሌላ ጥናት ይኸው ለውጥ በ2016 ከነበረበት 8.6 በመቶ በ2019 ወደ 21 በመቶ ማደጉን አሳይቷል።

መቶኛው ይታወቃል፤ ካርታ ላይም ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ያልፋል። 622ኛው አርጂኒን በቦታው ሳለ ከነማን ጋር ይነካካ ነበር? ሲወጣስ የትኛው ንክኪ ተበጠሰ? ይህን ማንበብ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት የዘወትር ሥራ ሊሆን ይገባል። አቅሙ የለም የሚባለው ምክንያትም ከዓመት ወደ ዓመት ውኃ የማይቋጥር እየሆነ ነው።

ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ኬልች 13 ውስጥ 726 አሚኖ አሲዶች ተከታትለው ተሰክተዋል። ሰንሰለቱ ግን ተዘርግቶ አይኖርም። ረጅም የጨሌ ክር በእጅ ሲጨበጥ ክሩ ላይ ተራርቀው የነበሩ ጨሌዎች ጎን ለጎን እንደሚመጡ ሁሉ፣ ፕሮቲኑም ሲጣጠፍ 50ኛውና 300ኛው አሚኖ አሲድ ሊነካኩ ይችላሉ። የፕሮቲኑ ቅርፅ የሚጸናው በእነዚህ ንክኪዎች ነው፤ ሥራውም ከቅርፁ ይመጣል።

ርቀቱ የሚለካው በአንግስትሮም ነው። አንድ አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው። አወንታዊና አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል የያዙ ሁለት የአሚኖ አሲድ የጎን ቅርንጫፎች በ4 አንግስትሮም ውስጥ ከተገናኙ የጨው ድልድይ ይባላሉ። የሃይድሮጅን ትስስር ወደ 3 አንግስትሮም ይጠጋል። ቅባታማዎቹ አሚኖ አሲዶች ደግሞ ከውኃ ሸሽተው በፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ እርስ በርስ ይጠጋጋሉ። አርጂኒን ረጅምና አወንታዊ ሙል ያለው ነው፤ አይሶሉሲን አጭር፣ ቅባታማና ሙል አልባ ነው። ስለዚህ 622ኛው ቦታ ላይ የጨው ድልድይ ከነበረ አይሶሉሲን ሊተካው አይችልም።

የአንድ አሚኖ አሲድ መለወጥ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ በመጀመሪያ የታየው በደም ነው። በ1956 በካምብሪጅ ቬርኖን ኢንግራም የሲክል ሴል ሕመምተኞችን ሄሞግሎቢን መርምሮ ከጤነኛው የሚለየው በአንድ ቦታ ብቻ መሆኑን አሳየ። ግሉታሚክ አሲድ ሊሆን የሚገባው 6ኛው አሚኖ አሲድ ቫሊን ሆኗል። ይህ ቫሊን ኦክስጅን ባራገፈ ሄሞግሎቢን ላይ በጎረቤቱ ሞለኪውል ፌኒልአላኒንና ሉሲን የሠሩትን ጎድጓዳ ያገኝና ይገባበታል። በጤነኛው ሄሞግሎቢን ላይ የሌለ፣ አዲስ የተፈጠረ ንክኪ ነው። ሞለኪውሎቹ በዚህ ተያይዘው ረጅም ዘንግ ይሠራሉ፤ ቀይ የደም ሴሉም ይጣመማል።

ወደ ወባ ስንመለስ ከሁሉ የሚያስተምረው ፋንሲዳር የተባለው መድኃኒት ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ ክሎሮኪን የተባለውን የቀድሞ መድኃኒት ትታ በፋንሲዳር ስታክም ቆይታ በ2004 ወደ ኮአርተም ዞራለች። ፋንሲዳር ውስጥ ያለው ፒሪሜታሚን የሚያጠቃው ተህዋሲው ዲኤንኤ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ፎሌት የሚያዘጋጅለትን ኢንዛይም ነው። መድኃኒቱ የኢንዛይሙ ጎድጓዳ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገጥማል። ግን ግትር ሞለኪውል ነው፤ መታጠፍ አይችልም። 108ኛው ቦታ ላይ ያለው ትንሹ ሴሪን ወደ አስፓራጂን ሲለወጥ የአስፓራጂኑ ረዘም ያለ ቅርንጫፍ ክሎሪን ከያዘው የመድኃኒቱ ቀለበት ጋር ይጋጫል። ተህዋሲው ለራሱ የሚፈልገው ሞለኪውል ግን ወደዚያ ጥግ ስለማይደርስ ምንም አይሆንም። መድኃኒቱ ይወጣል፤ ተህዋሲው ፎሌቱን ይሠራል። በ51ኛው፣ በ59ኛውና በ164ኛው ቦታ ተጨማሪ ለውጦች ሲደራረቡ መላመዱ ይጠነክራል።

የታይላንድ ተመራማሪዎች የዚህን ኢንዛይም ቅርፅ በ2003 ካወጡ በኋላ ግጭቱን በዓይናቸው አዩት። ዮንግዩት ዩታቮንግ የመሩት ቡድን ከዚያ ተነስቶ ፒ218 የተባለ ሞለኪውል ነደፈ። አዲሱ ሞለኪውል እንደልብ የሚታጠፍ ነው፤ የተህዋሲው ተፈጥሯዊ ሞለኪውል ከሚይዘው ስፍራ አይወጣም፤ 122ኛውን አርጂኒንም አጥብቆ ይይዛል። ያ አርጂኒን ሲለወጥ ኢንዛይሙ ራሱ ሥራውን ስለሚያጣ ተህዋሲው በዚያ በኩል በቀላሉ ሊያመልጥ አይችልም። ሥራው በ2012 ታተመ፤ ፒ218ም በሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሷል። እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። ሥራው የተሠራው ወባ በሚያጠቃው አገር፣ በአገሩ ሳይንቲስቶች አመራር ነው። ባንኮክ የቻለችውን ጎንደር ወይም ጅማ የማይችሉበት የተፈጥሮ ሕግ የለም።

የንክኪ ጥናት ሌላም መንገድ ከፍቷል። ሁለት አሚኖ አሲዶች ለረጅም ዘመን ተነካክተው ከኖሩ አንዱ ሲለወጥ ሌላውም ብዙ ጊዜ ተከትሎ ይለወጣል፤ አለዚያ ፕሮቲኑ ሊፈርስ ይችላል። ተመራማሪዎች የአንድን ፕሮቲን ቅጂ ከሺህ ፍጥረታት ሰብስበው አብረው የሚለወጡ ቦታዎችን በመፈለግ ብቻ ማን ከማን ጎን እንዳለ መገመት ቻሉ። ጥንዶቹ በበቂ መጠን ሲታወቁ ሙሉው ቅርፅ ይታወቃል። ጉግል ዲፕማይንድ የሠራው አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራምም ከዚሁ ሐሳብ ላይ ቆሞ ነው የተነሳው። ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር በዚህ ሥራ የ2024ን የኬሚስትሪ ኖቤል ግማሽ አግኝተዋል፤ ሌላው ግማሽ አዳዲስ ፕሮቲኖችን ለነደፈው ለዴቪድ ቤከር ሆኗል። ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በላይ የተገመቱ ቅርፆች ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው።

ታዲያ ሁሉም አልቋል ማለት ነው? አይደለም። አልፋፎልድ የፕሮቲኑን ቅርፅ ጥሩ አድርጎ ይገምታል፤ አንድ አሚኖ አሲድ ሲቀየር ምን እንደሚከተል ለመናገር ግን አልተሠራም። የተለወጠው ቅደም ተከተል ሲሰጠው ብዙ ጊዜ ያልተለወጠውን የሚመስል ቅርፅ ይመልሳል። የሲክል ሴሉ ቫሊን ሥዕሉ ላይ ሁሉ ሰላም ሊመስል ይችላል፤ ጉዳቱ ያለው ከጎረቤት ሞለኪውል ጋር በሚፈጥረው ንክኪ ላይ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ከፍቶ፣ ለውጡ የደረሰበትን ቦታ ፈልጎ፣ በ4 አንግስትሮም ዙሪያ ያለውን ሁሉ ዘርዝሮ፣ የትኛው ትስስር እንደጠፋና የትኛው እንደተፈጠረ የሚመዝን ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ሰው የሚፈልገው መሣሪያ ከባድ አይደለም። በላቦራቶሪ የተለኩ ቅርፆች የሚቀመጡበት የፕሮቲን ዳታ ባንክ በ1971 በሰባት ቅርፆች ተጀምሮ ዛሬ ከ200,000 በላይ ይዟል፤ ክፍያ የለውም። የኬልች 13 ዋና ክፍልም እዚያው አለ። በሳንፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ካይሜራኤክስ የተባለው ሶፍትዌር ለትምህርትና ለምርምር በነፃ ይሰጣል፤ በተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። መብራት ቢጠፋና ኢንተርኔት ቢቋረጥም አንዴ የወረደው ፋይል በባትሪ ይከፈታል። ባዮኬሚስትሪ የሚማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አሚኖ አሲዶችን በስም ሸምድዶ ፈተና ከሚያልፍ፣ 108ኛውን አስፓራጂን ከመድኃኒቱ ጋር ሲጋጭ በዓይኑ አይቶ ርቀቱን ለክቶ ቢወጣ ዕውቀቱ ይጸናል።

እርግጥ የንክኪ ዝርዝር ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ክሪስታል ውስጥ የቆመ ቅርፅ በሴል ውስጥ እንደሚንቀሳቀሰው ፕሮቲን አይደለም፤ የተገመተው ነገር ተህዋሲውን በማራባት መፈተን አለበት፤ ያ ደግሞ ገንዘብና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። በኬልች 13 ላይ ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል። በ2020 ሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህ ፕሮቲን ተህዋሲው ሄሞግሎቢን የሚውጥበት ሥራ ላይ ይሳተፋል። ለውጡ የፕሮቲኑን መጠን ሲቀንስ ተህዋሲው የሚውጠው ያንሳል፤ ከሄሞግሎቢን መፍረስ በሚገኘው ሂም የሚነቃው አርቴሚሲኒንም በበቂ ሁኔታ አይነቃም። ስለዚህ በፋንሲዳር እንደታየው መድኃኒቱ የሚጋጭበትን ጥግ መፈለግ እዚህ አይሠራም። መታየት ያለበት ፕሮቲኑን አጽንተው ከያዙት ንክኪዎች የትኛው እንደላላ ነው።

ሩዋንዳ ውስጥ በዚሁ ፕሮቲን 561ኛው አርጂኒን ወደ ሂስቲዲን ተለውጧል። ኡጋንዳ ውስጥ 469ኛውና 675ኛው ቦታዎች ተለውጠዋል፤ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የገነነው 580ኛው ነው። የአፍሪካ ቀንዱ 622ኛና የሩዋንዳው 561ኛ ሁለቱም አርጂኒን ያጡ ቦታዎች ናቸው። የጠፉባቸው ጎረቤቶች ይመሳሰላሉ ወይ? 622ኛው የፕሮቲኑ ዋና ክፍል ከተሠራባቸው ስድስት ክንፎች የትኛውን ከየትኛው ጋር ያያይዝ ነበር? ቀጣዩ የናሙና ሪፖርት ሲወጣ ከመቶኛው ቀጥሎ ይህን የሚመልስ አንድ ገጽ ቢታከልበት፣ ያንንም ገጽ ናሙናው በተሰበሰበበት አገር ያለ ተማሪና መምህሩ ቢጽፉት መልካም ነው፤ ለሥራው የሚያስፈልጉት ፋይሎች ዛሬውኑ ክፍት ናቸው።