ናፊዮንን መብለጥ ግዴታ አይደለም

ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ2009 ዳይናሪዮ የተባለ፣ በሜታኖል ፊውል ሴል የሚሠራ ቻርጀር ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲያቀርብ ያዘጋጀው 3,000 ብቻ ነበር። ዋጋው 29,800 የን ነበር፤ ነዳጁ ደግሞ ለብቻው ይገዛ ነበር። ቤቱ ሶኬት ላለው ሰው ይህ አያዋጣም።

የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሜታኖል ፈሳሽ ነው፤ መርዝነቱ ጥንቃቄ ቢፈልግም በጀሪካን ይጓጓዛል። በአንድ ሊትር ሜታኖል ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን በአንድ ሊትር ፈሳሽ ሃይድሮጅን ውስጥ ካለው ይበልጣል። ይህን ኃይል እንዲህ ውድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ በፊውል ሴሉ መሐል የተዘረጋው ስስ ፕላስቲክ፣ ሜምብሬኑ ነው።

የሜምብሬኑ ሥራ ፕሮቶን አሳልፎ ሜታኖልን ማገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የዱፖንቱ ዋልተር ግሮት የሠራው ናፊዮን ፕሮቶን በማሳለፍ የተመሰገነ ነው፤ ማገዱ ላይ ግን ይደክማል። ፕሮቶኑ የሚሄድባቸው ውሃ የቋጠሩ ረቂቅ ቦዮች ለሜታኖልም ክፍት ናቸው። ያመለጠው ሜታኖል ማዶ ተሻግሮ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፤ ነዳጅ ይባክናል፣ ቮልቴጅም ይወርዳል። ስለዚህ ሜታኖሉን በብዙ ውሃ ማቅጠን ግድ ይሆናል። ናፊዮን በፍሎሪን ኬሚስትሪ የሚመረት በመሆኑም ርካሽ ሊሆን አልቻለም።

ፍሎሪን የሌለበት አማራጭ አለ። ፒክ የተባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ በተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ያሟሙታል፤ በረዶ ውሃ ውስጥ ሲያፈሱት ነጭ ክር እየሆነ ይወጣል። አሲዱ እስኪለቅ ደጋግመው ያጥቡታል፣ በሌላ ፈሳሽ አሟምተው መስታወት ላይ ያፈሱታል፣ ሲደርቅ ይላጣል። ቦዮቹ ከናፊዮን የጠበቡና የተጠማዘዙ ስለሆኑ ሜታኖል በቀላሉ አያልፍባቸውም። ችግሩ አሲዱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ላይ ነው፦ ብዙ ከቆየ ሜምብሬኑ በሙቅ ውሃ ያብጣል፣ ሲብስም ይሟሟል፤ ጥቂት ከቆየ ፕሮቶን አያሳልፍም።

ብዙ ጥናቶች አዲስ ሜምብሬን ሲያቀርቡ በቅድሚያ የሚያሳዩት ፕሮቶን በማሳለፍ ናፊዮንን መብለጡን ወይም መጠጋቱን ነው። ይህ መለኪያ ሥራውን አሳስቶታል ብዬ አምናለሁ። ፕሮቶን በማሳለፍ ግማሹን ያህል የሚሠራ፣ ሜታኖልን ግን አጥብቆ የሚያግድ ሜምብሬን ቀጠን ተደርጎ ቢሠራ ጉድለቱ ይካሳል። ከሁሉ በፊት ማወቅ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ሴሉ ውስጥ እርጥብና ሙቅ ሆኖ ስንት ሺህ ሰዓት ይቆያል? አንድ ካሬ ሜትሩስ ስንት ያወጣል? መስታወትና ምድጃ ያለው ላብራቶሪ ሁሉ ሁለቱን መልሶች ከውጤቱ ጋር ያትም።