ቀሚሱን ትታችሁ ጥለቱን ተከተሉ

ጥፍር ቤት የገባች ሴት መጀመሪያ የምትጠየቀው «ምን ዓይነት ቀለም ልቀባሽ?» ተብላ ነው። እሷም ቁልቁል የለበሰችውን ታያለች። ቀይ ከለበሰች ቀይ፣ ሰማያዊ ከለበሰች ሰማያዊ ትላለች። በማግሥቱ አረንጓዴ ሹራብ ደርባ ትወጣለች፤ ጥፍሯ ግን ቀይ እንደሆነ ነው። ልብስ በየቀኑ ይለወጣል። ተራ የጥፍር ቀለም ከበረከተ ሳምንት፣ ጄል ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይሰነብታል። ስለዚህ የጥፍር ቀለም ስንመርጥ ማሰብ ያለብን ቁም ሳጥኑን እንጂ የዛሬዋን ቀሚስ አይደለም እላለሁ።

ጥፍርና ከንፈር፣ ጫማና ቦርሳ፣ ሁሉም አንድ ቀለም ይሁን የሚለው ደንብ ከየት መጣ? አንዱ ምንጩ ንግድ ነው። ሬቭሎን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1932 ሲመሠረት የሚሸጠው የጥፍር ቀለም ብቻ ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሊፕስቲክ መሥራት ሲጀምር፣ ከንፈርና ጥፍር በአንድ ቀለም ይቀቡ እያለ ማስታወቂያ አስነገረ፤ ሁለቱንም አብሮ ሸጠ። ደንቡ ለሻጩ ጠቅሞታል። ሠርታ ለምትገባ፣ ሰኞ ጂንስ እሑድ የሀበሻ ቀሚስ ለምትለብስ ሴት ግን እጅ ያስራል።

እኛ ዘንድ የጠርሙስ ቀለም ከመምጣቱ በፊት እንሶስላ ነበር። ሥሩ ተወቅጦ ማታ መዳፍና ጥፍር ላይ ይደረጋል፣ ታስሮ ይታደራል፣ ጠዋት ሲታጠብ ከብርቱካናማ እስከ ጥቁር ቀይ የሚደርስ ቀለም ይወጣል። በሐረርና በምሥራቁ አካባቢ ሂና ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ብዙ ሙስሊም እህቶቻችን ዛሬም ሂናን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጥፍር ቀለም ጥፍሩን ስለሚሸፍን የውዱእ ውሃ አያሳልፍም፣ ሂና ግን ጥፍሩ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ ከላይ አይጋረድም።

እንሶስላ የሞቀች ሴት ጥለቷ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ ወይም ቢጫ አትጨነቅም፤ ከሁሉም ጋር ይሄድላታል። የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቡኒና ቀይ የተቀላቀለበት ቀለም ከቆዳችን ጋር ዝምድና አለው፤ ለጥቁሯም፣ ለጠይሟም፣ ለቀይ ዳማዋም ከራሷ እጅ የወጣ ይመስላል። አንድ ጠርሙስ ብቻ መግዛት ለምትችል ሴት የምመክረው ይህንኑ ነው፤ የሸክላ ቀይ ወይም ቡኒ የገባበት ቦርዶ። «ኑድ» እየተባለ ከሚሸጠው ፈዛዛ ሮዝ ግን ተጠንቀቁ። አብዛኛው ለነጭ ቆዳ የተቀመመ ስለሆነ በጠይም ጣት ላይ አመድ የነካው ያስመስላል። ኑድ የወደደች ሴት ከቆዳዋ በትንሹ ጠቆር ወይም ደመቅ ያለ ቡኒ ትምረጥ፤ ኑድ ማለት ለእሷ እሱ ነው።

አሁን ወደ ጥለቱ ልምጣ። የሀበሻ ቀሚስ ነጩ መስክ ሰፊ ነው፣ ቀለሙ ያለው ጥለቱ ላይ ነው። ጥለቱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሩቅ ሆኖ አረንጓዴ የሚመስለው ውስጥ አንዲት ቀጭን የወርቅ ክር፣ ከጎኗ ደግሞ ቦርዶ መስመር ታገኛላችሁ። ጥፍር አረንጓዴውን ከደገመ የደንብ ልብስ ይመስላል። ቦርዶውን ወይም ወርቁን ሲይዝ ግን ያች ቀጭን መስመር ጣት ላይ ጎልታ ትወጣለች፣ ሸማኔው የለፋባትን ሰው ያያታል። በዚያ ላይ ቦርዶው ሰኞ ከጂንስና ከነጭ ሸሚዝ ጋር፣ ማክሰኞ ከግራጫ ሹራብ ጋር ይሄዳል፤ አረንጓዴው ግን እሑድ ማታ ሥራውን ይጨርሳል።

የዘወትር ልብስም እንደዚሁ ነው። አበባ ያለበት ቀሚስ ከሆነ የትንሿን አበባ ቀለም ውሰዱ። ሻርፕ ከሆነ የጠርዙን። ልብሱ ያለ ምንም ጌጥ አንድ ወጥ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ የጫማውን ወይም የቀበቶውን ቆዳ እዩ። ከትልቁ ቀለም የተወሰደ ጥፍር ልብሱ ውስጥ ይጠፋል፤ ከትንሹ የተወሰደ ግን ልብሱን ይሰበስበዋል።

ልብሱ ወጥ ሲሆን ነው ኦምብሬ ቦታ የሚያገኘው። ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ የሚያልፈው አቀባብ ሁለት ቀለም አንድ ጥፍር ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ከሳምንቱ ልብስ ጋር የመግባባት ዕድሉ እጥፍ ነው። ዝንጉርጉር ቀሚስ ላይ ግን አይሆንም፣ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

አሠራሩ ቤት ውስጥም ይቻላል። መጀመሪያ ቤዝ፣ ከዚያ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ተቀብቶ በደንብ ይደርቃል። ሁለቱ ቀለሞች ትንሽ ስፖንጅ ላይ ጎን ለጎን፣ ጠርዛቸው እየተነካካ ይደረጋሉ። ስፖንጁ ጥፍሩ ላይ አይጎተትም፤ ወደ ላይና ወደ ታች በጥቂቱ እየተንቀሳቀሰ መታ መታ ይደረጋል። አንዴ በወፍራሙ ከማድረግ ደጋግሞ በስሱ ይሻላል፤ ቀለሙ የሚደርቀው ማሟሟቻው ሲተን ስለሆነ ወፍራሙ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ስፖንጁ የተወውን ሻካራ ገጽ መጨረሻ ላይ የሚቀባው ቶፕ ኮት ያስተካክለዋል። አጠገብ ያለው ቆዳ ላይ ቀድሞ ቫዝሊን ከተቀባ የፈሰሰው በቀላሉ ይጠረጋል።

የቀለሞቹ ምርጫ ላይ ጥብቅ ነኝ። ሁለቱ ጎረቤት ይሁኑ፤ ቀይ ከብርቱካናማ፣ ሮዝ ከወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ ከአረንጓዴ። ቀይና አረንጓዴ ለየብቻቸው ያምራሉ፤ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ግን ጭቃ ይወጣቸዋል።

ከሁለቱ ጠቆር ያለው ቀለም ወደየት ይሁን? ወደ ጥፍሩ ጫፍ። ይህን የምለው በእጃችን ስለምንበላ ነው። አልጫ ላይ ያለው እርድ ፈዛዛ ጥፍርን ጫፉ ላይ ቢጫ ያደርገዋል፣ ቀይ ወጥም የራሱን ምልክት ይተዋል፣ ሳሙናም ቶሎ አያስለቅቀውም። የውጭ መጽሔት ላይ የሚታየው ጫፉ ነጭ የሆነ አቀባብ የተሠራው በሹካ ለሚበላ እጅ ነው። ከሥሩ የቆዳ ቀለም፣ ጫፉ ላይ ቦርዶ ወይም ቡና ቀለም ያለው ኦምብሬ ግን ሽሮውንም ምስሩንም ይችላል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ጥፍር ከሥሩ ሲያድግ ክፍተቱ ቶሎ አይታይም።

ጥፍሯን አሳጥራ ለምትይዝ፣ ሊጥ ለምታቦካ፣ በሽተኛ ለምታክም ሴት ሌላ መንገድ አለ። አንዱን ቀለም ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት እያቀለሉ መሄድ። ለዚህ አምስት ጠርሙስ መግዛት አያስፈልግም፤ አንድ ቦርዶና አንድ ነጭ ይበቃል። ፎይል ላይ ቦርዶው ይንጠባጠባል፣ ለእያንዳንዱ ጣት ነጭ እየተጨመረ ይቀላቀላል። አጭር ጥፍር ላይ ከስፖንጁ ኦምብሬ ይህ ይበልጥብኛል።

ቀለሙን ማንሳትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጄልን በጥርስና በጥፍር መላጥ የጥፍሩን ላይኛ ሽፋን አብሮ ያነሳል፤ በአሴቶን አርሶ ማንሳት፣ ከዚያም ዘይት ማሸት ይሻላል።

የጥፍር ባለሙያ እህቶቼ፣ ሙያችሁን አከብራለሁ፣ በቀን ስንት እጅ እንደምትይዙም አውቃለሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ የቀለም ናሙናውን ከመዘርጋታችሁ በፊት ደንበኛችሁን «ሳምንቱን ምን ትለብሻለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። እናንተ ደንበኞችም ወደ ጥፍር ቤት ስትሄዱ የምትወዱትን ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀለሙን ከጥለቱ ጋር አስተያይታችሁ አስቀቡ።