ጥቁር ናፍጣ በጥቁር አፈር ውስጥ

የድሮ ፋብሪካ ግቢ ለመኖሪያ ሕንጻ ሊተላለፍ ሲል የሚነሳው ጥያቄ ያው ነው፤ መሬቱ ተበክሏል ወይስ አልተበከለም? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከላቦራቶሪ በአንድ ወረቀት ይመጣል። በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ ይህን ያህል ሚሊግራም ዘይት። ቁጥሩ ከተፈቀደው በታች ከሆነ ሁሉም እፎይ ይላል። እኔ ግን ናሙናው ከየትኛው የአፈር ድርብርብ እንደተወሰደ፣ ከላዩና ከሥሩም ምን እንዳለ ካልታወቀ፣ ያ ቁጥር በትክክል ተለክቶም ሊያሳስት ይችላል ባይ ነኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ አቃቂ ቃሊቲን እንውሰድ። በብዙ ግቢዎች ከሲሚንቶው ወለል ሥር የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ አለ፤ ከገረጋንቲው ሥር ዋልካ፣ ከዋልካው ሥር ደግሞ የበሰበሰ ድንጋይ። ከቦይለር ቤቱ ታንከር የሚያፈስ ነዳጅ ገረጋንቲውን በቀላሉ አልፎ ይወርዳል፤ ዋልካው ላይ ሲደርስ ግን መንገድ ያጣና ወደ ጎን ይሄዳል። የዋልካው ፊት ወዳዘነበለበት ይንሸራተታል። ለውሃ ወይም ለፍሳሽ ቱቦ ተቆፍሮ በአሸዋ የተሞላ ቦይ ካገኘማ ያንን ተከትሎ ከአጥር ውጭ ይወጣል። አጥኚው ከታንከሩ አጠገብ ሁለት ሜትር ቆፍሮ ከግርጌው አንድ እፍኝ ዋልካ ቢወስድ ውጤቱ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ግን ከዚያ ከፍ ብሎ፣ በገረጋንቲውና በዋልካው መጋጠሚያ ላይ ተኝቷል። ወጪ ለመቆጠብ ከላይ እስከ ታች ያለውን አፈር አደባልቆ አንድ ናሙና መላክ ደግሞ ይብሳል፤ ቀጭኑን ቆሻሻ በብዙ ንጹሕ አፈር ማቅጠን ነውና።

ዓይንና አፍንጫም እዚህ ብዙ አይረዱም። ዋልካ በተፈጥሮው ጥቁር ነው፤ ከባድ ጥቁር ናፍጣም ጥቁር ነው። ቤንዚን ቢሆን ሽታው ያጋልጠው ነበር፤ ጥቁር ናፍጣ ግን እምብዛም ስለማይተን በመስክ የሚያዘው የጋዝ መለኪያ ዝቅተኛ ቁጥር አንብቦ ያልፈዋል። ከዚህ ይልቅ ጥቂት አፈር በውሃ በተሞላ ብልቃጥ ውስጥ ከቶ መነቅነቅና በውሃው ፊት ላይ የሚንሳፈፈውን ቀለም ማየት ብዙ ይናገራል። ርካሽ ነው፤ ምናልባትም ለዚህ ነው ብዙ ሪፖርት ላይ የማናገኘው።

የነዳጁ ዓይነትም ከድርብርቡ ጋር አብሮ መታየት አለበት። ከባድ ጥቁር ናፍጣ እንዲፈስ መሞቅ ይፈልጋል፤ ከቱቦው ትኩስ ሆኖ ቢወጣም መሬት ውስጥ ቀዝቅዞ ይወፍርና ብዙ ርቆ አይሄድም። ነጭ ናፍጣ ግን ቀጭን ነው፤ ይርቃል፣ ይጠልቃል። በተለያየ ዘመን ሁለቱንም ያነደደ ቦይለር ባለበት ግቢ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ብክለቶች አሉ፤ ሁለቱን ደምሮ የሚያቀርብ ቁጥር ይህን ይደብቃል።

ዋልካው ውሃ ስለማያሳልፍ የከርሰ ምድሩን ውሃ ይጠብቅልናል የሚል ክርክር እሰማለሁ። ግማሽ እውነት ነው። ክረምት አብጦ የሚገጥመው ዋልካ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በሲሚንቶ የተሸፈነው ክፍል እርጥበቱን ይዞ ይቆይ ይሆናል፤ ጭነት የሚራገፍበት ባዶ ሜዳ ግን አይቆይም። ከከተማዋ በስተደቡብ ያሉት የአቃቂ የውሃ ጉድጓዶች የሚቀዱት ደግሞ ቀዳዳ ከበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ነው።

ድርብርብን ማጥናት ምን እንደሚያስገኝ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ቤሚጂ አጠገብ የሆነው ያሳያል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 የድፍድፍ ነዳጅ ማስተላለፊያ ቱቦ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ያህል ፈሰሰ። አብዛኛው ቢነሳም ወደ 400 ሺህ ሊትር የሚሆነው መሬት ውስጥ ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ቦታው የመንግሥት የጂኦሎጂ ተመራማሪዎች መስክ ሆነ። ቦታው ከላይ ሲያዩት አሸዋ ብቻ ይመስላል፤ በአሸዋው መካከል ያሉ የደቃቅ አፈር ድርብርቦች ግን ዘይቱን እዚህ አግደው፣ እዚያ አሳልፈው፣ ሥርጭቱን ወጥነት አሳጥተውታል። ተህዋስያን ዘይቱን ቀስ በቀስ እየበሉት መሆኑም የታወቀው ከተለያየ ጥልቀት ለዓመታት በተደጋጋሚ ስለተለካ ነው።

ጊዜም እንዲሁ ሊጤን ይገባል። በጋ ላይ በመከታተያ ጉድጓድ ውስጥ ተንሳፎ የታየ ናፍጣ፣ ክረምት የውሃው መጠን ከፍ ሲል ከጉድጓዱ ሊጠፋ ይችላል። ጸድቶ አይደለም፤ ውሃው ከአፈሩ ቅንጣቶች መካከል አጥምዶት እንጂ። መስከረም ላይ ብቻ የተለካ ጉድጓድ ለሻጩ ይመቻል፤ ለገዢው ግን አይመችም።

ብዙ መቆፈር ወጪ አለው፤ አደጋም አለው። ዋልካውን በስቶ ክፍት የተተወ ጉድጓድ ለዘይቱ አዲስ መውረጃ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ በቤንቶናይት ሸክላ መደፈን አለበት። ስለዚህ ክርክሬ ጉድጓድ ይብዛ አይደለም። ጥቂት ጉድጓድ ይቆፈር፤ አፈሩ ግን ከላይ እስከ ታች ይነበብ፤ ናሙናውም ከየመጋጠሚያው ለይቶ ይወሰድ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ናፍጣው እስከ የትኛው ድርብርብ ወርዶ በየትኛው አጥር ሥር እንዳለፈ ያላሳየ ሪፖርት ይዞ ግን አስከፋዩ ስንት ሜትር ኪዩብ አፈር ይነሳ ብሎ ይጠይቃል?