ሸረሪት ያሳደገ ልጅ፣ ልጁን የጠበቀ ወላጅ

ሰሞኑን ልጆቻችን ዘላይ ሸረሪት ከግድግዳ እየያዙ በጠርሙስ ማሳደግ ጀምረዋል። አንዳንዱ ወላጅ «ምን ጉድ ነው!» ብሎ ከነጠርሙሷ ይወረውራታል። ቁጣው ይቅርና ምክር ይቅደም እንላለን።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል ኖረናል፤ ይህቺ ግን ለአደን ድር አትዘረጋም። ከስምንት ዐይኖቿ በፊተኞቹ ሁለት ትላልቆች አነጣጥራ፣ እንዳትወድቅ ክሯን አጣብቃ ትዘላለች። ለሰው አታሰጋም። እንዲያውም በኬንያና በኡጋንዳ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ የምትኖር አንዲት ዘመዷ ደም የጠገበችን ትንኝ፣ የወባዋን ጭምር፣ መርጣ እንደምትበላ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። ይህ ማለት ግን አጎበሩ ይውረድ ማለት አይደለም!

አያያዟ ቀላል ነው። ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳ ንጹሕ ጠርሙስ፣ የምትወጣበት ጭራሮ፣ ጠብታ ውሃ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ትንንሽ ዝንብ ይበቃታል። ፀሐይ ላይ አትቀመጥ፤ ፍሊት የነካው ዝንብም አይሰጣት።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በርበሬ በሚመረትበት በቡታጅራ አካባቢ የተባይ መድኃኒት ባዶ ዕቃ ከየቤቱ አይጠፋም። ልጆችም ለሸረሪቷ ቤት ብለው ሲያነሱት አይተናል። ታጥቧል ቢባልም አይታመንም፤ ሸረሪቷን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ይጎዳል። ስለሆነም ወላጆች ይህን ዕቃ ከልጆች እጅ እንዲያርቁ፣ ንጹሑንም ጠርሙስ ራሳቸው እንዲሰጡ አጥብቀን እናሳስባለን። ልጁም የሰለቸው ዕለት፣ ካገኘበት ግድግዳ ይመልሳት።