መካኒኩን መኪናው ሲበላሽ ብቻ አትጥሩት

በጋና ኩማሲ ከተማ ሱዋሜ ማጋዚን የሚባል ሰፈር አለ። ሰፈሩ ሙሉው ጋራዥ ነው ማለት ይቻላል። ከውጭ አርጅተው የመጡ መኪኖች እዚያ ይፈታሉ፣ ይበየዳሉ፣ የአንዱ ሞተር ለሌላው ይገጠማል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንጀራ የሚበሉት ከዚሁ ነው። አብዛኞቹ ሙያውን የተማሩት ከባለሙያ ሥር ሆነው፣ እያዩና እየነካኩ ነው።

ከአሥር ዓመት በፊት ሁለት ሆላንዳውያን፣ የጥበብ ባለሙያው ሜለ ስሜትስና የማኅበራዊ ሳይንስ ባለሙያው ዮስት ፋን ኦና፣ ወደዚህ ሰፈር ሄደው ከመካኒኮቹ ጋር አንዲት መኪና ሠሩ። ስሟ «ተርትል 1» ነው፤ ኤሊ እንደማለት። የተሠራችው በሰፈሩ ከሚገኝ ዕቃ ሲሆን፣ የተወሳሰበ ኤሌክትሮኒክስ ሆን ተብሎ ቀርቶባታል። ምክንያቱም አዳዲሶቹ መኪኖች በኮምፒውተር የታሰሩ ናቸው። የሞተርን ችግር በጆሮው የሚለይ መካኒክ ኮምፒውተሩ ደጅ ላይ ያስቆመዋል።

ተርትል ፋብሪካ አላስከፈተችም። ስለእሷ ሲወራም ቀድሞ የሚነሳው የሁለቱ እንግዶች ስም ነው፤ እኔም ከላይ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። መካኒኮቹ ግን በጅምላ «የሱዋሜ ባለሙያዎች» ተብለው ያልፋሉ። ይህ ቅር ሊያሰኘን ይገባል።

ቢሆንም አንድ ነገር አሳይታናለች። መኪና በየትኛው ጉድጓድ ምኑ እንደሚሰበር፣ የትኛው ብሎን ቶሎ እንደሚላላ፣ ሹፌሩ ምን ያህል ጭነት እንደሚጭን ከመካኒክ በላይ የሚያውቅ የለም። መኪና ለመንደፍ የሚያስፈልገው ግማሹ ዕውቀት እሱ ዘንድ አለ። እኔን የሚቆጨኝ ይህን ለመጠየቅ የጥበብ ሰዎች ባሕር አቋርጠው መምጣታቸው ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ነዳጁን የምንገዛው በዶላር ነው፤ መብራቱ የራሳችን ነው። ግን ሃያ ዓመት ሚኒባስና ቪትዝ ሲጠግን የኖረውን መካኒክ ማን ጠየቀው? የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ያለ ሥልጠና የነካውን ሊገድል ይችላል። ሶፍትዌሩም ለአስመጪው ካልሆነ ላይከፈት ይችላል። እንዲህ ከቀጠልን መኪናው ሲቆም ባለቤቱ የሚሄድበት ጋራዥ፣ መካኒኩም የሚጠግነው መኪና ያጣል።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስመጣ ሁሉ የጥገና መመሪያውን፣ የመመርመሪያ መሣሪያውንና ሥልጠናውን ለሰፈር ጋራዦች በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርብ ግዴታ ይጣልበት። እዚሁ የሚገጣጥሙት ደግሞ ሞዴል ከመምረጣቸው በፊት መካኒኮችን ይጥሩ፤ ለምክራቸው ይክፈሉ፣ ስማቸውንም ይጻፉ።

ምናለሽ ተራ ሄዶ ያየ ያውቀዋል፤ ያለቀ ጎማ በረባሶ፣ የወደቀ በርሜል ምድጃ ይሆናል። እጅ አልጎደለንም። «ሙያ በልብ ነው» እንላለን። የመካኒኮቻችን ሙያ ግን በልብ የቀረው ጠያቂ ስላጣ ነው።