ሁለተኛውን ማን ከፈለው?

ሰሞኑን ቴሌግራም የከፈተ ሰው ይህንን ሳያይ አይወጣም፤ ቀይ ጀርባ፣ ቢጫ ፊደል፣ «አንድ ሲገዙ አንድ በነፃ! ለ3 ቀን ብቻ!»። ጫማ ነው፣ ሽቶ ነው፣ የስልክ ከቨር ነው፣ የጆሮ ማዳመጫ ነው። ሦስቱ ቀን ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ማስታወቂያው ግን ፒን ተደርጎ እዚያው ተቀምጧል። በዚህ ጽሑፍ ሁለት ሰዎችን ማናገር እፈልጋለሁ፤ በስልኩ የሚገዛውንና በስልኩ የሚሸጠውን። እኛ መራዊ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ጠዋት ከአዲስ አበባ ቻናል ሁለት ቲሸርት ያዘዘ ልጅ ማታ በራሱ ቻናል አንዱን ለሰፈሩ ልጅ ይሸጣል።

አቋሜን መጀመሪያ ልናገር። «አንድ በነፃ» ሁሌም ማታለያ ነው አልልም፤ የሚያዋጣበት ቦታ አለ። በትንሽ ካፒታል ለሚሠራ የክፍለ ሀገር ሻጭ ግን ብዙውን ጊዜ ኪሳራ ነው። ኪሳራ ካልሆነ ደግሞ የሆነ ቦታ ውሸት አለበት።

ለነገሩ እኛ ይህን ጨዋታ ከስልክ አልተማርነውም። ገበያ ውጡ። በርበሬ የሚሸጡት እናት በጣሳ ለክተው ከሰጡ በኋላ ገዥው ቆም ይላል፤ «እማማ፣ አይመርቁልኝም?» ይላል። እሳቸውም እፍኝ ጨምረው «እንካ ልጄ፣ ይባረክልህ» ይላሉ። ምርቃት ማለት ይህ ነው። ቃሉ ራሱ ደስ ይላል፤ ጭማሪውም ምርቃት፣ የአባቶች ቡራኬም ምርቃት። ግን ልብ በሉ፤ ምርቃት የሚመጣው ዋጋው ከተቆረጠ፣ ዕቃው ከተለካ በኋላ ነው። ምርቃት አለኝ ብሎ ከዋዜማው ዋጋ የሚሰቅል የለም። እፍኙም እፍኝ ነው፣ ጣሳ አይደለም። በጣሳ ላይ ጣሳ የመረቀ ሰው በሚቀጥለው ገበያ ቦታው ላይ አይገኝም።

ሁለቱን በአንድ ዋጋ መስጠትም አለ፣ አልካድኩም። አመሻሽ ላይ ቲማቲም የቀራት ሴት ሁለቱን መደብ ገፋ አድርጋ አንድ ላይ ታደርግና «በአንዱ ዋጋ ውሰጂው» ትላለች። 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ አጠገባችን ነው፤ አትክልት በብዛት ሲወጣ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ያልተሸጠው አድሮ ይለሰልሳል፣ ይዞ ለመመለስም የመጫኛ ይጠይቃል። ሴትዮዋ ሁለተኛውን መደብ የለቀቀችው ነገ ዋጋ ስለማይኖረው ነው። ሒሳቧ ትክክል ነው። የስልክ ከቨርና ቲሸርት ግን አድሮ አይበሰብስም። ታዲያ ምን አስቸኮለን?

«ነፃ» የሚለው ቃል ጭንቅላታችን ላይ የሚሠራው ነገር እንዳለ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ሻምፓኒየር፣ ማዛር እና ኤሪየሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ለሰዎች ሁለት ቸኮሌት አቀረቡ፤ አንደኛው ምርጥ፣ በ15 ሳንቲም፤ ሌላው ተራ፣ በ1 ሳንቲም (የአሜሪካ ሳንቲም ነው)። ከገዢዎቹ 73 በመቶው ምርጡን መረጡ። ከዚያ ከሁለቱም ላይ እኩል 1 ሳንቲም ቀነሱ። ምርጡ 14፣ ተራው ነፃ ሆነ። የዋጋው ልዩነት አልተነካም፤ ሰው ግን ተገለበጠ፤ 69 በመቶው ተራውን ወሰደ። አንድ ሳንቲም ቀንሶ ሳይሆን «ነፃ» ብሎ ነው ገበያውን የዞረው። ስለዚህ አንድ ልጅ ቻናሉ ላይ «አንድ በነፃ» ብሎ ሲለጥፍ ትዕዛዙ ቢጎርፍለት አይግረመው። መልእክቱ ይመጣል፣ ሼር ይደረጋል፣ ተከታዩ ይጨምራል። ትርፉን ግን ይህ ሁሉ አይነግረውም።

እስቲ ብዕር እናንሳ። አንድ ቲሸርት ማስረከቢያው 400 ብር፣ መሸጫው 700 ነው እንበል። አንዱን ሲሸጥ 300 ያተርፋል። «አንድ በነፃ» ሲል 700 ይቀበላል፣ 800 የወጣበትን ዕቃ ይሰጣል፤ 100 ብር ከኪሱ። ትዕዛዙ በበዛ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል። «እሺ ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ ይሁን» ይላል ብልጥ ነኝ ባዩ። 1,050 ይቀበላል፣ 800 ይቀንሳል፣ 250 ይቀረዋል። ሁለት ሸጦ፣ አንድ ከሸጠበት ቀን ያነሰ አተረፈ ማለት ነው! ይህንን ስልክ ላይ ባለ ካልኩሌተር ለመሥራት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ማን ይሠራዋል።

አሁን ደግሞ ከቨሩን እንይ። 60 ብር ገብቶ 250 የሚሸጥ ከሆነ በአንዱ 190 ያተርፋል። ሁለተኛውን በነፃ ቢሰጥ 130 ይቀረዋል። እዚህ ጋ አልከሰረም፤ ግን ድሮ ከሚያገኘው ጋር ለመተካከል ብቻ የገዢው ቁጥር በአንድ ተኩል እጥፍ ማደግ አለበት። ከ10 ገዢ ወደ 15 ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ይቻል ይሆናል። መራዊ ላይ፣ ቡሬ ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ላይስ?

የትንሽ ከተማ ገበያ ጠባዩ ሌላ ነው። ያ ዓይነት ስልክ የያዘው ሰው ቁጥሩ ይታወቃል። ዛሬ ሁለት ከቨር የወሰደች ልጅ ለስድስት ወር ከቨር አትፈልግም። ሻጩ አዲስ ደንበኛ ያገኘ ይመስለዋል፤ በእውነቱ የታኅሣሥን ሽያጭ በጥቅምት በነፃ አስረክቧል። ከዚያ ቻናሉ ጭር ይላል፣ ይደነግጣል፣ ሌላ «አንድ በነፃ» ያወጣል። ደንበኛውም ይለምዳል፤ «ትንሽ ቆይ፣ ሰሞኑን ነፃ ያወጣል» እያለ በሙሉ ዋጋ መግዛት ያቆማል። መራዊ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ወሬ ደግሞ ከሚኒባስ ይፈጥናል።

በቲሸርቱ ላለመክሰር ብዙዎች የሚመርጡት መንገድ ዋጋውን መስቀል ነው። 700 የነበረው 1,400 ይባልና «አንድ በነፃ» ይለጠፍበታል። ሁለት በ1,400። ነፃው የቱ ነው? በዚህ ላይ የታወቀ የአሜሪካ ክርክር አለ። ሜሪ ካርተር የተባለ የቀለም ኩባንያ ጣሳውን በ6 ዶላር ከ98 ሳንቲም እያስተዋወቀ ለገዛ ሁሉ ሁለተኛ ጣሳ በነፃ ይሰጥ ነበር። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጠየቀው፤ አንዱን ጣሳ ለብቻው በዚህ ዋጋ ሸጠህ ታውቃለህ? አልሸጠም። እንግዲያው ዋጋው የሁለት ጣሳ ዋጋ ነው፣ ነፃ ብሎ ነገር የለም ተባለ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1965 ኩባንያው ተረታ።

እኛም አገር ሕግ አለ፤ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለ ዋጋ ቅናሽ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መግለጫ መስጠትን ይከለክላል። ባስተዋወቁት መሠረት አለመሸጥንም እንዲሁ። ችግሩ ቻናሉ ስም እንጂ አድራሻ የለውም። ቅድሚያ ክፍያ በቴሌብር ከተላከ በኋላ «ነፃው አልቋል» የሚል መልስ ሲመጣ የት ሄዶ ይከሰሳል? እኔን ራሴን አንድ ሱቅ (ስሙን ተዉት) ለአንድ ጫማ አስከፍሎ ነፃው ጫማ የ37 ቁጥር ብቻ እንደቀረው ነግሮኛል። እግሬ 42 ነው።

ትልቅ ኩባንያም ከዚህ አያመልጥም። ሁቨር የሚባለው የቤት ዕቃ አምራች እ.ኤ.አ. በ1992 እንግሊዝ ውስጥ 100 ፓውንድ የሚያወጣ ዕቃ ለገዛ ሁለት የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት እሰጣለሁ አለ። መጀመሪያ ወደ አውሮፓ፣ ቀጥሎ ወደ አሜሪካ። ሰው የምንጣፍ መጥረጊያውን ከነካርቶኑ እየጣለ ለትኬቱ ብቻ ተሰለፈ። ኩባንያው ወደ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ከሰረ፣ ትኬት የተከለከሉት ፍርድ ቤት ገተሩት፣ በመጨረሻም የአውሮፓ ክፍሉ ለሌላ ተሸጠ። ሁቨር የሚሸጠው ነገር ነበረው። የእኛ ልጅ ግን ያለው ከአጎቱ የተበደረው ገንዘብ ነው።

«ቴሌ ይሰጥ የለም እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ይሰጣል፤ በዓል ሲመጣ የበዓል ጥቅል፣ ካርድ ሲሞላ ቦነስ። ግን አንድ ተጨማሪ ጊጋ ባይት ለኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ለሳፋሪኮም የቲሸርት ያህል አያስወጣም። ኔትወርኩ ተዘርግቷል፤ ሌሊት ላይ ባትጠቀሙበትም ባዶውን ያድራል። ቦነሱም ቀኑ ሲደርስ ይቃጠላል። ቲሸርት ግን አንድ በአንድ በብር የተገዛ ነው። የቴሌን ማስታወቂያ ኮፒ አድርጎ ጫማ ላይ መለጠፍ የተለየ ሒሳብን እንደራስ ማየት ነው።

እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ ኑሮ የጨመረው ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጥ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ በነፃ የሰጠው ዕቃ ዋጋው የተገዛበት ሳይሆን የሚተካበት ነው። ያ 400 ብር የገባ ቲሸርት ነገ በ600 ከሆነ የሚተካው፣ ምርቃቱ 600 ነው። ሌላም አለ። በ2015 ዓ.ም. አማራ ክልል ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት ሲቆይ በስልክ የሚሠራ ሱቅ ሁሉ በአንድ ቀን ተዘጋ። ለቅናሽ ተብሎ በብድር የተከማቸ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀመጠ፤ ዕዳው ግን አልተቀመጠም። መንገድ ሲዘጋም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ለፕሮሞሽን ብሎ ብዙ ዕቃ ማግበስበስ እንደ እኛ ላለ ቦታ ድርብ ቁማር ነው፤ ዕቃው ላይም፣ መስመሩ ላይም።

«ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ወይ?» አይደለም። ቡሬ ላይ በርበሬና ሽሮ በስልክ ትዕዛዝ እየተቀበለች አዲስ አበባ ድረስ የምትልክ አንዲት ልጅ አውቃለሁ። ኪሎ በርበሬ ላዘዘ ኪሎ በርበሬ አትጨምርም። በትንሽ ፌስታል መከለሻ ታደርግለታለች፤ ለሁለት ወጥ የምትሆን። ማስታወቂያዋ ላይም አትጽፈውም፤ ሰው ፓኬቱን ሲፈታ ነው የሚያገኘው። በሚቀጥለው ጊዜ ያው ሰው መከለሻውን በገንዘቡ ያዛል። በነፃ የሰጠችው ገና ያልሸጠችውን ነው እንጂ የምትሸጠውን አይደለም። የገበያዋ እናት እፍኝ ወደ ቴሌግራም ሲዞር ይህን ይመስላል፣ በእኔ እምነት።

የማጓጓዣውም ነገር አለ። በሚኒባስ የሚላክ ፌስታል ውስጥ አንድም ቲሸርት ይግባ ሁለት፣ ሾፌሩ የሚጠይቀው ያው ነው። እንግዲህ «ሁለት ለሚገዛ መላኪያው በእኛ» ማለት ይቻላል። ሁለት በ1,400 ሸጦ፣ 800 ማስረከቢያ ቀንሶ፣ 100 ብር ለመላኪያ ቢከፍል 500 ይቀረዋል። «አንድ በነፃ» ካለው ጋር አስተያዩት፤ እዚያ መላኪያ ሳይቆጠር 100 ከስሯል። ገዢውም አልተታለለም። ጓደኛሞች ተሰባስበው አንድ ላይ ሲያዙ መቀነስም ያስኬዳል፤ ቻይና ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ፒንዱኦዱኦ ግዙፍ የሆነው በዚሁ በቡድን መግዛት ነው፤ እኛ ደግሞ ለእቁብ አዲስ አይደለንም። ሁለቱን በአንድ ዋጋ መስጠት ያለበት ጊዜም ይመጣል፤ የመጠቀሚያ ጊዜው እየተቃረበ ያለ ቅባት፣ ሞዴሉ ከገበያ የወጣ ስልክ ከቨር፣ እንደ አመሻሽ ቲማቲም ነው። ያኔ ግን ምክንያቱን ጽፎ ነው። «ጊዜው በሁለት ወር ያልፋል፣ ለዚህ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሻጭ ካያችሁ እኔ በበኩሌ ከእሱ እገዛለሁ።

ለገዢዎች ደግሞ አንድ ነገር። ማስታወቂያውን ስታዩ ብር ከመላካችሁ በፊት «አንዱን ብቻ ብወስድ ስንት ነው?» ብላችሁ ኢንቦክስ ጻፉ። ዋጋው ያው ከሆነ ለሌላ ቻናል ደግሞ ጠይቁ፤ ያው ቲሸርት፣ ያው ፎቶ፣ ከአንድ ቦታ የተወረደ ነው ብዙ ጊዜ። እኔ ስጠይቅ አንዳንዱ ግማሽ ያህሉን ይነግረኛል። አንዳንዱ «ለብቻው አይሸጥም» ይላል። አንዱ ብሎክ አድርጎኛል።